የጥድ አምባ ግዝት

ሰው እኔን ሲያገኝ የሚጠይቀኝ ስለ ተራራው ነው፤ ስለ ጤናዬ የሚጠይቀኝ የለም። «ማንጠግቦሽ፣ ያ የከለላችሁት ተራራ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል ሰቆጣ ገበያ ላይ፣ ሽንኩርት እየመረጡ። እኔም «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። ምን ልበላቸው? ቆሜ ላስረዳ ብል የያዙት ሽንኩርት ይበቅላል። ዛሬ ግን ተቀምጫለሁና ልንገርሽ።

ተራራው ጥድ አምባ ይባላል። ደሃና ውስጥ ነው፣ ከመንደራችን ራስጌ። ጥድ አምባ ይባል እንጂ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንድም ጥድ አላየሁበትም፤ እናቴም አላየችም። ድንጋይና ፍየል ብቻ ነበር። ክረምት ሲመጣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ገብሳችንን ከነአፈሩ ጠራርጎ ወደ ተከዜ ይወስደዋል፣ በጋ ሲመጣ ምንጩ ይደርቃል። እኔ ሰቆጣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ስመለስ የልማት ሰዎች «የተፈጥሮ ሀብት ቀስቃሽ» አደረጉኝ። መቀስቀስ እንግዲህ ሰው ተኝቶ ከሆነ ነው፤ የእኛ ሰው አልተኛም፣ ርቦት ነው ዝም ያለው። ቢሆንም ቀሰቀስኩ። በአማርኛ ስናገር ሽማግሌዎቹ ያንቀላፋሉ፣ በኽምጣኛ ስናገር ይስቁብኛል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚለውን በኽምጣኛ ምን እንደምለው ግራ ቢገባኝ «ሰማዩ ጠባዩን ቀይሯል» አልኳቸው። አያ ምሳው የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ «እሱንማ እኛ ነን ላንቺ የምንነግርሽ» አሉና ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ሳቁም አልሳቁም ሥራው ተጀመረ። የልማት ሰዎቹ በሚከፍሉን ስንዴና ዘይት እርከን ሠራን፣ ጉድጓድ ቆፈርን፣ ወይራና ግራር ተከልን። ከሴቶቹ ሁሉ በርትታ የምትሠራው ታይቱ ነበረች። ታይቱ ጎረቤቴ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ እንደ ወረደ በዚያው ቀረ፤ መርዶም አልመጣ፣ አለ የሚል ወሬም አልመጣ። የቀሯት ባንቺ የምትባል ልጇና ቦራ የሚባል አንድ በሬ ናቸው። ቦራን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር እያቀናጀች መሬቷን ታሳርሳለች። እሱ ባይኖር መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ነው፤ ግማሹ እህል የአራሹ ይሆናል፣ በቀረው ግማሽ ደግሞ እናትና ልጅ ከዘመን ዘመን አይደርሱም። ባንቺ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እኩዮቿ በደላላ ወደ ዐረብ አገር ሲነጉዱ እሷ የቀረችው እናቷ «ቦራ እያለልኝ ልጄን ለባዕድ ቤት አላስረክብም» ስላለች ነው።

ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ጣጣው ከብትና መጥረቢያ ማራቁ ላይ ነው። ኮሚቴ መረጥን፣ ደንብ አወጣን፣ ቅጣት ወሰንን፣ ዘበኛ ቀጠርን። ከማንም ቀድመው የገቡት የዘበኛው ፍየሎች ናቸው። ቅጣት የሚያስከፍል ጠፋ፤ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው፣ ማን ማንን ይቀጣል? በኋላ አንድ እሑድ አያ ምሳው ተነሡና «ሰዉ ደንብ አይፈራም፣ ግዝት ግን ይፈራል። አባ ገብረ ኢየሱስ ተራራውን ይገዝቱልን» አሉ። ሸንጎው በአንድ አፍ ይሁን አለ። እኔም እጄን አወጣሁ። ዛሬም ቢሆን ሌላ ምን ይደረግ ነበር እላለሁ።

አባ ገብረ ኢየሱስ የኪዳነ ምሕረት አስተዳዳሪ ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ግን ሲቆጡም ያምርባቸዋል። በየካቲት በዓል ሕዝቡ እንደ ተሰበሰበ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ተራራው ዞሩና «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ከብት ያስገባ፣ ማጭድ ያሳረፈ፣ መጥረቢያ ያነሣ ውጉዝ ይሁን» አሉ። አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፍየል እንኳ ድንበሩ ጋ ስትደርስ ባለቤቷ እየሮጠ ይመልሳታል። በዓመት አንዴ ኅዳር ሲገባ አባ ራሳቸው ተራራው ሥር ይመጡና «ለዛሬ ፈትቻለሁ» ይላሉ። ሰው ማጭዱን ይዞ ይገባል፣ የክረምቱን ሣር አጭዶ ለከብቱ ይሸከማል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባ መልሰው ይገዝቱታል። ወይራውና ግራሩን ማንም አይነካም። እንዲህ እያልን ተራራው ለመለመ። ምንጩ እስከ ሚያዝያ መፍሰስ ጀመረ። ከላይ ከታች እንግዳ እየመጣ ፎቶ ያነሣው ነበር፣ እኔንም አጠገቡ አቁመው። ኮርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

የዘጠና አራቱ ክረምት ግን ከዳን። ሐምሌ ትንሽ አካፋ፣ ነሐሴ ጭራሹን ዘጋ። ገብሱ ሳያሽት ደረቀ፣ የግጦሹ መሬት እንደ አውድማ ተላጨ። ጥድ አምባ ብቻ፣ እርከኑ ያቺኑ ካፊያ ይዞለት፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ ቆመ። ሰው ቀና ብሎ እያየ «ደግነቱ እሱ አለልን» ይል ነበር። እኔም በየቤቱ እየዞርኩ «አያችሁ? ይኼን ነበር ስነግራችሁ የኖርኩት» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

በመስከረም ማለቂያ አባ ገብረ ኢየሱስ አረፉ። ሆዳቸውን አሟቸው ነበር፣ አልቆዩም። አልቅሰን ቀበርናቸው። ከመቃብሩ ስንመለስ አያ ምሳው መንገድ ላይ ቆም አሉና «እንግዲህ ተራራውን ማን ይፈታልናል?» አሉ።  እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

የቀሩት ቄስ ወልደ ኢየሱስ ናቸው፤ ልጅ እግር ቄስ ናቸው፣ አባ ያስተማሯቸው። ኅዳር ሲገባ ሽማግሌው ሁሉ ተሰብስቦ ደጃቸው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። «መምህሬ ያሰሩትን ልፈታ ምን ሥልጣን አለኝ?» አሉ ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ መሬት መሬት እያዩ። «የገዘተ ይፍታ ነው ሕጉ። የገዘተው ከሞተ ከእሱ የሚበልጥ ይፍታ። ከጳጳስ ቃል ይምጣልኝ፣ በደስታ አነባለሁ።»

«አባ እኮ በየዓመቱ ይፈቱት ነበር፤ ቢኖሩ ዛሬም ይፈቱት ነበር» አልኳቸው።

«ቢኖሩ» አሉ። «የሉማ።»

ከሽማግሌዎቹ አንድም የተከራከረ የለም። ግዝት የጣሰ ሰው ሲሞት ፍትሐት እንደማያገኝ፣ ልጁም ክርስትና እንደማይነሣ ያምናሉ። ከብቱን እናድን ወይስ የልጆቻችንን ነፍስ? ብለው እንኳ ሳይጠያየቁ ወደየቤታቸው ሄዱ። 

ሰቆጣ ሄድኩ። ጳጳሱ ቆላውን ሊጎበኙ ወርደዋል፣ ረሀቡን ሊያዩ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። የተቀበሉኝ ዲያቆን በትሕትና ሰሙኝ፣ እንደ ተመለሱ እንነግራለን አሉኝ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ወደ ወረዳው ባለሙያ ሄድኩ። እሱ ሳቀ። «ደንባችሁ በየዓመቱ ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ ይላል አይደል? አጭዱዋ» አለኝና ፈቃድ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። ያን ወረቀት በደረቴ ይዤ ስመለስ የልጅ ደስታ ነበር የተሰማኝ። መንደር ስደርስ ለአያ ምሳው አነበብኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ማንጠግቦሽ፣ ይኼ ማኅተም መቃብሬ ላይ ቆሞ ይጸልይልኛል?» አሉኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ያዝኩት፣ ሌላ ምን ላድርገው።

ወንድ ያለው ቤት ከብቱን እየነዳ ወደ ተከዜ ቆላ ወረደ። ታይቱ ግን ማንን ትላክ? ቦራን ለመቀናጆ አጋሯ አደራ ልትሰጠው ነበር፣ ግን የራሱ በሬ መንገድ ላይ እንደሚወድቅ ፈርቶ እሱም ቀረ። ቁልቋል እሳት ላይ እሾሁን እያቃጠለች አበላችው። ቁልቋሉ ሲያልቅ የቤቷን ክዳን ሣር እየመዘዘች ሰጠችው፤ ጣራው ወንፊት ሆነ፣ ከውስጥ ቀና ብትል ሰማይ ይታይሻል። ባንቺ እየሳቀች «እማዬ፣ ቀጥሎ ምሰሶውን ነው የምትሰጭው» አለቻት። ታይቱም ሳቀች፣ ያኔ ገና መሳቅ ነበረ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ማለዳ ቤቷ ብገባ ቦራ ተኝቷል። መነሣት አቅቶታል። ከሆዱ ሥር አጠና አስገብተን፣ እኔና ባንቺ በአጠናው፣ ታይቱ በጭራው፣ ታግለን አቆምነው። ቆሞ ተንቀጠቀጠ። የጎድኑን አጥንት አንድ በአንድ መንካት ትችያለሽ። ታይቱ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት እያሻሸች «አይዞህ ወንድሜ» ትለዋለች። ደጁ ክፍት ነው፣ በደጁ ጥድ አምባ ይታያል፣ ሣሩ ወርቅ መስሎ ቆሞ። 

«አጭጄ ላምጣለት» አልኳት።

«ከየት?»

«ከላይ ነዋ።»

ዝም አለችኝ። ዝም ስትለኝ እሺ ያለች መሰለኝ፣ ማጭዴን ይዤ ወጣሁ።

ግዝት አልፈራሁም ብዬ አልዋሽም። ድንበሩ ድንጋይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አማተብኩና «አባ፣ እርስዎ ቢኖሩ ይፈቱት ነበር፣ ከተቀየሙኝም እዚያው እንነጋገራለን» ብዬ ገባሁ። ሣሩን አንድ እቅፍ፣ ከዚያ ሌላ እቅፍ አጨድኩ። እጄ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚሄደው። ጠፍሬ ተሸክሜ ወረድኩ፤ ሰው ቢያይ አይቶ ይሙት ብዬ በዋናው መንገድ ነው የመጣሁት።

ቦራ ከሩቅ ሸተተው። በሦስት ሰው የቆመው በሬ በራሱ እግር ተራመደ። አፍንጫውን ወደ ሸክሙ ዘርግቶ እየተወላገደ መጣልኝ። ታይቱ ሮጣ ገመዱን አፉ ሥር ያዘችው።

«መልሺው» አለችኝ።

«አብደሻል? እየሞተ እኮ ነው።»

«ይሙት። የተገዘተ ሣር በልቶ የሚያርሰውን እህል ልጄን አላጎርሳትም። ያለችኝ አንድ ናት።»

«ያጨድኩት እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱ የኔ ነው።»

«በሬው ግን የኔ ነው» አለች።

ቦራ ይስባል፣ እሷ ትጎትተዋለች። ምላሱን አውጥቶ ከሸክሙ ጫፍ ጥቂት ሰበዝ ሊይዝ ሲል ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ መልሳ አወጣችበት። እያለቀሰች ነው ይህን የምታደርገው። ባንቺ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ፊቷን ሸፍናለች። ተሳደብኩ። ታይቱን የማይባል ነገር አልኳት፣ ድንጋይ ነሽ፣ አረመኔ ነሽ፣ እንዲህ ያለ እምነት አፈር ይብላ አልኳት። እሷ ገመዱን ብቻ ይዛ ቆመች። መጨረሻ ላይ ደከመኝና ሣሩን መልሼ ወስጄ ድንበሩ ላይ ጣልኩት። እዚያው ደረቀ፣ ማንም አልነካውም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከማኅበር ጽዋ ከለከሉኝ፤ ምንጩ ላይ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ ራቅ ማድረግ ጀመሩ። ቀስቃሿ ራሷ ተራራውን ደፈረች ተባለ። ንስሐ ገባሁ፣ ስግደት ታዘዝኩ፣ ሰገድኩ። አንዳንዴ ስሰግድ አባን እሳደብ ነበር፣ ከዚያ ለስድቡ ደግሞ እሰግዳለሁ።

ቦራ በጥምቀት ሰሞን ሞተ። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ በረቱ ውስጥ ተጋድሞ አገኘነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ጎትቶ ገደል ሰደደው። ታይቱ አላለቀሰችም። ወደ ቤት ገብታ እሳት አነደደች፣ ባንቺን ራሷን አበጠረቻት፣ ሹሩባ ሠራችላት። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። «ደላላው ከፋሲካ በፊት ይመጣል ይባላል» አለችኝ እየሠራች፣ ሌላ ወሬ እንደምታወራ። ባንቺ ራሷን ለእናቷ እጅ ተወች።

የጳጳሱ ቃል የመጣው በየካቲት ነው። ከቆላው እንደ ተመለሱ ዲያቆኑ ነገሯቸው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ቄስ ላኩ። የተላኩት ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ግዝቱ መፈታቱን አነበቡ፤ ቀጥለውም «አባታችን ሲሰሙ አለቀሱ። ለከብት የሚሆን ሣር ቆሞ ከብት እንዴት ያልቃል ነው ያሉት» አሉን። ሕዝቡ አሜን አለ። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ማጭድ ያለው ሁሉ ወጣ። ያጭዳል፣ ይሸከማል፣ ደጁ ያወርዳል። ከዚያ ሸክሙን ያያል። ከቆላ የተመለሰ ከብት ጥቂት ነው፤ ላም ያለው ለላሙ ሰጠ፣ የሌለው ለክዳን አደረገው፣ ለመኝታ ጎዘጎዘው። ታይቱ አልወጣችም። አንድ ሸክም ወሰድኩላትና ጣራሽን ክደኚበት አልኳት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለችኝ።

ሲመሽ መልሶ የሚገዝት ግን አልነበረም። በሳምንቱ የመጀመሪያውን የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። እየሮጥኩ ወጣሁ። አያ ምሳው ናቸው። እኔ ራሴ ውሃ ያጠጣሁትን ግራር ከሥሩ እየመቱት።

«እርስዎም?» አልኳቸው።

«እኔም።»

«ሣሩ ነው እኮ የተፈታው፣ እንጨቱ አይደለም።»

«ግዝቱ ተፈቷል፣ እኔ የማውቀው ይኼን ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «በሬዎቼ አለቁ፣ እህል የለኝም። እንጨት ሰቆጣ ይሸጣል። ምን ልብላ ልጄ? ደንብሽን?»

ወደ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ሮጥኩ። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «እርስዎ ይገዝቱልን፣ እንጨቱን ብቻ፣ መውጫ ያለው አድርገው ይገዝቱት» አልኩ። አነሡኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አልገዝትም ማንጠግቦሽ» አሉኝ። «እኔ አልፈታም ስል ከብቱ ምን እንደሆነ አየሁ። አሁን ብገዝት ደግሞ ሰውየው እንጨቱን እያየ ከነልጆቹ ቤቱ ተቀምጦ ያልቃል፤ ያደርጉታል፣ አውቃቸዋለሁ። ሌላ ነፍስ በአፌ አላስርም። ተይኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ ያደርጉታል። ወረዳው ዘበኛ እንዲልክ ለመንኩ፣ ዘበኛ መጣ፣ ሰዉን አየና አብሮ አለቀሰ። ኮሚቴው ይሰብሰብ እንዳልል የኮሚቴው ሰዎች ሁሉ ተራራው ላይ ናቸው፣ መጥረቢያ ይዘው። ወይራው ለከሰል፣ ግራሩ ለማገዶ ሄደ። በየማለዳው በመንገዱ ላይ የእንጨት ሸክም ይወርዳል፣ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባው። እኔም በየማለዳው ተራራው ሥር እቆማለሁ። ተዉ እላለሁ፣ እለምናለሁ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይበላናል እላለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኛል። ማንም አይጣላኝም፣ ቢጣሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ታይቱ ከላይ ስትወርድ አየኋት። ብቻዋን ናት። ጎብጣ፣ ሸክሙ ከሷ ገዝፎ ነው የምትመጣው። እኔ ጋ ስትደርስ ጠፍሩ ተበጠሰባትና እንጨቱ ተዘረገፈ። ከነቅርፊቱ የተቆረጠ ቀጭን ወይራ ነው፣ የክንድ ያህል እንኳ አልወፈረም። ያኔ እሷና እኔ ከሴቶቹ ጋር በመደዳ ከተከልነው ነው። አየሁት፣ እሷም እንዳየሁት አየች።

«ለባንቺ ጫማና ለመንገዷ ስንቅ ነው» አለችኝ። «ሐሙስ ትሄዳለች።»

የምለው ነገር ሞልቶኝ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ስለው የዋልኩት ሁሉ አፌ ላይ አለ። ታይቱ ጠፍሩን ቋጠረች፣ እንጨቱን ሰብስባ አሰረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ አለች። ልትነሣ ሞከረች፣ አልቻለችም። እንደገና ሞከረች።

«ማንጠግቦሽ፣ አሸክሚኝ» አለችኝ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ከሥር ገብቼ አነሣሁላት። ሚዛኗን እስክትጠብቅ ደግፌ ያዝኩላት። ከኋላዋ ሌላ ሴት ሸክሟን አውርዳ እያረፈች ነበር፣ እጇን ዘረጋችልኝ። እሷንም አሸከምኳት።